ለቅሶ የሌለበት ድንኳን

እሱ ባደገበት ሰፈር ድንኳን የሚተከለው ለሁለት ነገር ነው፤ ለሰርግና ለለቅሶ። ስለዚህ ሼፊልድ ተወልዳ ያደገችው የአሥራ አራት ዓመት ልጁ «አባዬ፣ አንድ ቀን ገጠር ሄደን ድንኳን ውስጥ እንደር» ስትለው ዝም አለ። አምና እናቱ ያረፉ ጊዜ አዲስ አበባ የተተከለውን ድንኳን ያየው በስልክ ነው። በሦስተኛው ቀን ሲነሣ እሱ የሌሊት ፈረቃ ላይ ነበር።

ባለቤቱ ግን ከልጇ ጋር አበረች። መኪና ስለሌላቸው ፍለጋው ከባቡር ጣቢያ ጀመረ። አንዱ ሜዳ ውብ ነው፤ ፐቡ ግን ሩቅ ነው፤ የእግረኛ መሄጃ በሌለው አስፋልት በጨለማ ማን ይመለሳል? ሌላው ለፐቡ ቅርብ ነው፤ በዙሪያው ግን የሚወጣ ኮረብታ የለም። በመጨረሻ ኤዴል ላይ ተስማሙ። ከሼፊልድ በባቡር ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው፤ ከጣቢያው ድንኳን መትከያው ሜዳ በእግር ይደረሳል። ኦልድ ናግስ ሄድ የሚባለው የመንደሩ ፐብ ደግሞ፣ እስከ ስኮትላንድ 430 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚዘልቀው የፔናይን ዌይ የእግር መንገድ መነሻ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ደረሱ። ብርድ የሚተኛበትን ዝቅታ ትተው ደልደል ያለ ቦታ መረጡ። ካስማውን የመታው እሱ ነው።

ከዚያ በእግር ወጡ። መንገዱ በጎች የሚግጡበትን የገበሬ መስክ ያቋርጣል። እሱ የአጥሩን በር ይዞ ቆመ።

«ማንን አስፈቅደን?»

በዚህ አገር እስካሁን የገባበት በር ሁሉ ወረቀት እያሳየ ያስከፈተው ነው። ልጁ እንጨቱ ላይ የተለጠፈችውን ቢጫ ቀስት አሳየችው፤ የሕዝብ መንገድ ነው። ከፊታቸው ያለው ኪንደር ስካውት ግን ድሮ ዝግ እንደነበር ነገረችው። ባለርስቶቹ ለወፍ አደን ከልለውት ነበር። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 24 ቀን 1932 በመቶ የሚቆጠሩ ወጣት ሠራተኞች ሳያስፈቅዱ ወጡበት፤ ከጠባቂዎች ጋር ተጋጩ፤ አምስቱ ታሰሩ። ከመሪዎቹ አንዱ ቤኒ ሮትማን የሃያ ዓመት የማንቸስተር ልጅ ነበር፤ ወላጆቹ ከሮማኒያ የመጡ አይሁዶች ናቸው። አካባቢው በ1951 የብሪታንያ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ሆነ።

«የስደተኛ ልጅ ነዋ» አለና በሩን ከፈተ።

ኪንደር 636 ሜትር ነው። እንጦጦን ለሚያውቅ ሰው ይህ ተራራ አይባልም ብሎ ሳቀ። የያዕቆብ መሰላል የሚሉት የድንጋይ ደረጃ አጋማሽ ላይ ሲደርስ ግን ሳቁ አለቀ። አናቱ ላይ ነፋሱ ቆባቸውን ሊነጥቃቸው ደረሰ።

ማታ ፐቡ በር ላይ እንደገና አመነታ። ጫማው ጭቃ ነው። ውስጥ ግን የሁሉም ጫማ ጭቃ ነበር፤ ውሾች ከጠረጴዛ ሥር ተጋድመዋል፤ እሳት ይነድዳል። አስተናጋጅ እስኪመጣ ሲጠብቁ ልጅቷ «ባንኮኒው ጋ ሄደህ ነው የምታዘው» ብላ አስነሣችው። አንድ ሽማግሌ አግዳሚው ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላቸውና የትኛውን መንገድ እንደሄዱ ጠየቋቸው። ልክ እንደ ጠላ ቤት፤ ማን እንደሆነ የጠየቀው የለም።

ሌሊቱን ዘነበ። እሱ ብዙም አልተኛም፤ ጠብታው ሸራውን ሲመታ እያዳመጠ ስለ እናቱ አሰበ። አላቀሰም ማለት አይቻልም።

እሑድ ጠዋት እህቱ ደወለች።

«የት ነህ?»

«ድንኳን ውስጥ።»

«ውይ በሞትኩት! ማን ሞተ?»

«ማንም» አለ። ከዚያ ትንሽ ቆይቶ፣ «እስኪ የእማዬ ለቅሶ እንዴት እንደነበር አጫውቺኝ» አላት።