በድልብ ዳገት ወደ ላሊበላ

ወልድያ ተወልዶ ያደገ ሰው ላሊበላን ሳያያት በፊት ነው የሚያውቃት። በልጅነታችን ታኅሣሥ ሲጋመስ በከተማችን የሚያልፈው እግረኛ ይበዛ ነበር። ከቆላው ከሀብሩ፣ ከራያ፣ ከአምባሰል የመጣ፣ ጋቢውን ያጣፋ፣ ዘንጉን የያዘ፣ በሶውን በስልቻ የቋጠረ፣ ለገና ወደ ላሊበላ የሚሄድ መንገደኛ ነው። እናቴ በር ላይ ቆማ ትጠራቸዋለች። ንፍሮ ይቀርባል፣ ጠላ ይቀዳል፣ እግራቸውን ዘርግተው ትንሽ ያርፋሉ። የጎረቤታችን ሙስሊም እናት ደግሞ ቡናዋን ይዛ ትመጣና፣ ሊነሱ ሲሉ ከመሐረቧ ጫፍ ሳንቲም ፈትታ «ሻማ ግዙልኝ፣ ለልጆቼም ጸልዩልኝ» ትላቸው ነበር። እነሱም «አሜን፣ ይድረስልሽ» ብለው ይቀበሏታል። ወሎ እንዲህ ነው፤ ማንም አይገረምም።

እኔ የሄድኩት በአውቶቡስ ነው፣ ከአያቴ ጋር። መናኸሪያው ገና ሳይነጋ ናፍጣና ቅርንፉድ የገባበት ሻይ ይሸታል። ረዳቶቹ «ጋሸና! ላሊበላ!» እያሉ ይጣራሉ። የመርሳ ብርቱካን የሚሸጡ ሴቶች በመስኮት በኩል ዘንቢላቸውን ከፍ ያደርጉልናል። አያቴ ብርቱካን ገዝታ አንዱንም አላስነካችኝም። «ደጋ ስንወጣ ነው የሚጣፍጠው» አለችኝ። እውነቷን ነበር። እናንተም በዚህ መንገድ ከሄዳችሁ ከወልድያ ብርቱካን ያዙ።

ሳንቃን አልፎ ድልብ ሲደረስ አውቶቡሱ ዳገቱን ይጀምራል። ወሬው ይቀዘቅዛል። ሾፌሩ ማርሽ በቀየረ ቁጥር ከኋላ ወንበር «እመብርሃን» የሚል ድምፅ ይሰማል። በመስኮቱ ቁልቁል ስታዩ የየጁ ቆላ በጉም ተሸፍኖ ከታች ይቀራል፤ ያለፋችሁበት መንገድ ተጠማዞ ተጠማዞ ይታያል። ቻይናዎች የሠሩት መንገድ ስለሆነ አገሬው ዛሬም «የቻይና መንገድ» ነው የሚለው። አናቱ ላይ ሲወጣ ብርዱ በአንድ ጊዜ ይገባል። ሹራብ ወይም ጋቢ ሻንጣ ውስጥ አታስቀምጡ፣ እጃችሁ ላይ ይሁን። ጋሸና ላይ ሲቆም ወርዳችሁ ትኩስ ሻይ ጠጡ። ከዚያ ወደ ቀኝ ታጥፎ ላሊበላ ለመድረስ ገና ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀራል። በዚያን ጊዜ ጠጠር መንገድ ስለነበር የደረስነው ፀጉራችንም ቅንድባችንም አቧራ ለብሶ ነው።

ከሁሉ በፊት የማስታውሰው ግን ቤተ ክርስቲያኖቹን አይደለም፣ እግራችንን ያጠቡንን ሴት ነው። ላሊበላ ለገና የመጣ እንግዳ እግሩን ይታጠባል፤ የከተማው ሰው ልማድ ነው። እኚያ እናት የማናውቃቸው፣ የማያውቁን ናቸው። ለብ ያለ ውኃ በሳፋ አቀረቡ። አያቴ «ኧረ እኔ እንዴት ተደርጎ» ብላ ብትግደረደር «የመጣሽው ለሱ ነው፣ እኔም የማደርገው ለሱ ነው» ብለው ጎንበስ አሉ። ተረከዟ መሰንጠቁን ሲያዩ ቀስ ብለው በአውራ ጣታቸው አሹት፤ በነጠላቸው ጫፍ አደረቁት፤ ከዚያም የእግሯን ጣት ሳሙት። አያቴ አለቀሰች። እኔ ተራዬ ሲደርስ አፍሬ እግሬን ወደ ኋላ ስስብ በቀስታ ያዙኝ። ውኃው የባሕር ዛፍ ጭስ ይሸት ነበር። ያ ሽታ ዛሬም ባፍንጫዬ አለ።

የበዓሉን ሌሊት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ሰው ላይ ሰው ተደግፎ አደርን። ሲነጋ ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ካለው ማሜ ጋራ ከሚባለው የዓለት ዳር ላይ ተሰለፉ፤ ሌሎቹ ከታች ቆሙ። ላይኞቹ «ቤዛ ኩሉ» ሲሉ ታችኞቹ ይመልሳሉ። ከበሮው ድም ሲል ከእግራችሁ በታች ያለው ዓለት የሚንቀጠቀጥ ይመስላችኋል። መቋሚያው፣ ጸናጽሉ፣ ዕጣኑ፣ ጧት የወጣው የሰው እስትንፋስ፣ ሁሉም ተቀላቅሎ ወደ ላይ ይወጣል። ይህን አንድ ጊዜ ለማየት የሚከፈለው ድካም ሁሉ ይገባዋል።

ከሕዝቡ ግፊያ ርቃችሁ ሕንፃዎቹን በእርጋታ ማየት ከፈለጋችሁ ግን ሌላ ጊዜም ሂዱ። ጥቅምት ደስ ይላል፤ ክረምቱ ወጥቷል፣ ሣሩ አልደረቀም፣ ሰውም አይበዛም። 11ዱን አብያተ ክርስቲያናት በአንድ ቀን ለማዳረስ የሚሯሯጥ ሰው አይቼ አዝናለሁ። ሁለት ሌሊት እደሩ። በማለዳ ቅዳሴ ላይ ቁሙ፤ የቤተ መድኃኔ ዓለምን ግዙፍ ዓምዶች ያዩ ሁሉ ፎቶ ያነሳሉ፣ በእጃቸው ዳብሰው ቅዝቃዜውን የሚሰሙት ጥቂቶች ናቸው። ጫማችሁ በቀላሉ የሚወልቅ ይሁን፣ በየደጃፉ ማውለቃችሁ አይቀርም። ወፍራም ካልሲ ልበሱ፤ ዓለቱ ይበርዳል፣ ምንጣፉም ላይ ቁንጫ ይኖራል። ሴቶች ነጠላ ያዙ። ጫማ ለሚጠብቁት ልጆችና ለአስጎብኚው ዝርዝር ብር ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር።

ወደ ቤተ መርቆሬዎስ በሚያደርሰው ጨለማ ዋሻ ውስጥ ስታልፉ ደግሞ የስልካችሁን መብራት አታብሩ፤ አስጎብኚው ከፊታችሁ አለ። የሲኦል ምሳሌ ነው ይሉታል። አያቴ በአንድ እጇ ግድግዳውን፣ በሌላው እጄን ይዛ «በል ጎንበስ፣ ጎንበስ በል» እያለች አሳለፈችኝ። ብርሃኑ ከወዲያ ሲታይ እጄን ጠበቅ አደረገችው። በመብራት ያለፈ ሰው ይህን አያገኘውም።

ቤተ ጊዮርጊስን ለመጨረሻ አቆዩት። ሌሎቹን አይታችሁ ስትደርሱ ከመሬት በታች 12 ሜትር ገደማ ወርዶ የተፈለፈለው መስቀል ከእግራችሁ ሥር ይገለጣል። እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ያየውን ሲጽፍ አንባቢ አያምነኝም ብሎ ፈርቶ ነበር። ከዳር ቆሞ ቁልቁል ያየ ሰው በፍርሃቱ አይፈርድበትም።

ዛሬ ብዙ ነገር ተለውጧል። አያቴ የለችም። እኔ ሳያቸው ሰማይ ብቻ ከላያቸው የነበሩት ቤተ መድኃኔ ዓለምና ቤተ ማርያም እ.ኤ.አ. በ2008 በተተከሉት የብረት መጠለያዎች ሥር ናቸው። ዝናቡ ዓለቱን እንዳይበላው ተብሎ ለጊዜው የተሠራ ነው፤ ጥበቃው ያስፈልጋል፣ ግን እነዚያን ግዙፍ ምሰሶዎች ሳይ ልቤ አይረጋም። ከኮሮናው በኋላ ጦርነቱ መጣ፤ ወልድያም ላሊበላም የቀመሱትን ቀመሱ። በበዓል አልጋ የማይገኝባቸው ሆቴሎች ወና ሆነው ከረሙ። የአስጎብኚነት ሙያቸውን ትተው የሄዱ ወጣቶች አሉ። ከእንግዳ ጋር የሚበላ ከተማ እንግዳ ሲቀርበት ምን እንደሚሆን እኛ የወልድያ ሰዎች በቅርብ አይተናል።

ስለዚህ መንገዱ ሰላም ሲሆን፣ ይህንንም አስቀድማችሁ ከአገሬው ጠይቃችሁ፣ ሂዱ። አውሮፕላን አለ፣ ቀላልም ነው፤ አቅምና ጊዜ ካላችሁ ግን በእኛ በኩል ኑ። ወልድያ አንድ ሌሊት እደሩ፣ ቀኑ ማክሰኞ ከሆነ ገበያውን ወጥታችሁ እዩ። ላሊበላ ስትደርሱ አስጎብኚ ያዙ፤ ማርና ነጠላ ከአገሬው ግዙ፤ እግራችሁን ላጥብ የሚል ሰው ካገኛችሁም እሺ በሉ።