ጌም ላይ የሚዝትብን ሁሉ ‹አሸባሪ› ነው እንዴ?

እኛ አራት ነን። ሁለታችን ሚዛን፣ አንዳችን ቴፒ፣ አንዳችን ደግሞ አዲስ አበባ። ቀን ቀን ለእንጀራችን እንሮጣለን፤ ማታ ሦስት ሰዓት ሲሆን (መብራት ካለ፣ ኔትወርክም ከፈቀደ) ስልካችን ላይ እንገናኛለን። መቶ ሰው አንድ ደሴት ላይ ወርዶ የሚታኮስበትን፣ አራት አራት እየሆኑ የሚገቡበትን ጌም እንጫወታለን። አዎ፣ ሴቶች ነን። አዎ፣ ጋዜጠኝነት ተምረን ተመርቀናል። ሁለቱም ከመተኮስ አልከለከሉንም።

ከአራታችን አንደኛዋ ተኳሽ የሚዛኗ ጓደኛችን ናት። እናቷ መንገድ ዳር ጀበና ቡና ያፈላሉ፤ በቡና አገር ቡና አፍልቶ መሸጥ ቀላል እንዳይመስላችሁ፣ ደንበኛው ሁሉ ቀማሽ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ማታ ጓደኛችን ብቻዋን አራት ወንዶች ከጨዋታው አስወጣች። ማይኳ ክፍት ነበር። «እንዴ! ሴት ናት!» አለ አንዱ በአማርኛ። መጀመሪያ ሳቅ ነበር፣ ከዚያ «ወጥ ቤት ግቢ»፣ ከዚያ እዚህ የማንጽፈው ስድብ።

እኛስ ምን አደረግን? ሳቅን። «ተያቸው፣ ጌም ነው» አልናት። አንዳችን እንዲያውም እንዳትረብሸን ብላ የሰዎቹን ድምፅ ዘጋችው። ስድቡ ለእኛ ቆመ፤ ለእሷ ግን አልቆመም።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ፎቶዋን አገኙት። ፊቷን ቆርጠው ራቁት ገላ ላይ ለጥፈው የሚዛን ልጆች በሚበዙበት ግሩፕ ውስጥ በተኑት። ከዚያ በየማታው በአዲስ ስም መልእክት ይገባላት ጀመር። አንዱ «እናትሽ ቡና የምታፈላበትን እናውቃለን» ይላል። ሌላው ከሥራ የምትወጣበትን ሰዓት ብቻ ይጽፋል፤ ሌላ ምንም የለውም፣ ሰዓቱን ብቻ። ሦስት ቀን ከሥራ ቀረች። ቤተሰብ ተሰብስቦ መከረና ጥፋተኛውን አገኘ፦ ስልኩ! ወንድሟ ቀማት።

ጣቢያ ሄድን። ያገኘነው ሰው ክፉ አልነበረም፤ ወንበር ሰጥቶናል። «እህቶቼ፣ ጌም ላይ ተጣልታችሁ ነው?» አለን። ከዚያ «ብሎክ አድርጊያቸው» ብሎ መከራት። የከፈተው መዝገብ አልነበረም።

ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ከቴፒ የመጣችው ጓደኛችን ፈነዳች። «ይሄ ሽብር ነው! ‹በሽብር እንከሳለን› ብንለው ኖሮ ቁጭ ብሎ ብሎክ አድርጊ ይለን ነበር?» አለች። ሁላችንም ደስ አለን። እውነቱን ለመናገር ይህን ጽሑፍ የጀመርነው «ሽብር ይባል!» ልንል ነበር። ርዕሱም ተዘጋጅቶ ነበር።

ያን ማታ እናቷ ዘንድ ቁጭ ብለን ቡና ስንጠጣ፣ እናት ሁለተኛውን እየቀዱ «ልጄን አሸበሯት እኮ» አሉ። አዋጅ አላነበቡም፤ አማርኛቸው ግን ልክ ነው። በር ሲንኳኳ ትዘላለች። ባጃጅ ከኋላዋ ቀስ ሲል መንገድ ትቀይራለች። ስልክ የሌላት ልጅ የሰው ስልክ ሲጮህ ትደነግጣለች። ይህ ሽብር ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

ችግሩ ቃሉ ከእናት አፍ ወጥቶ ወደ ቢሮ ሲገባ ሌላ ሰው መሆኑ ነው።

ወላጆቻችን ‹ሽብር› ሲባሉ ትዝ የሚላቸው ቀይ ሽብር ነው። ለእኛ ዕድሜ ደግሞ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 አለ። አንቀጽ 6ን ያነበበ ያስታውሳል፦ ሽብርን ያበረታታል ተብሎ ሊታሰብ የሚችል ጽሑፍ ያሳተመ ሰው ከ10 እስከ 20 ዓመት ይታሰራል። ‹ሊታሰብ የሚችል›! የሚያስበው ማን እንደሆነ ግን መገመት አያቅትም። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ስድስት የዞን 9 ጦማርያንና ሦስት ጋዜጠኞች ታሰሩ፣ በሐምሌም የሽብር ክስ ቀረበባቸው። አምስቱ በሐምሌ 2007 ክሳቸው ተቋርጦ ተፈቱ፤ ቀሪዎቹን ፍርድ ቤቱ በጥቅምት 2008 ከሽብር ክሱ ነፃ አላቸው። ከዓመት በላይ እስር ቤት ከከረሙ በኋላ ማለት ነው።

ከክሱ ነጥቦች አንዱን ስናነብ ቀዝቀዝ አልን። የኢንተርኔት መልእክትንና ኮምፒውተርን ከሰላይ ስለመጠበቅ የተሰጠ ሥልጠና መውሰዳቸው እንደ ጥፋት ተነስቷል። እኛ ለጓደኛችን ስልኳ እንደተመለሰላት መጀመሪያ ያደረግንላት ምን ነበር? የይለፍ ቃሏን ቀየርን፣ በሁለት ደረጃ ካልተረጋገጠ እንዳይከፈት አደረግን፣ የማያውቃት ሰው ቁጥሯን እንዳያይ ዘጋን። ለተዛተባት ልጅ የምንመክረው ይህ ሁሉ፣ በዚያ ቃል ዘመን በሌላ ሰው ፋይል ውስጥ ማስረጃ ነበር። ይህን ቃል ነው እንግዲህ «ኑና ጠብቁን» ብለን ልንጠራው የነበረው።

652 ዛሬ የለም፤ በ2012 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1176 ተክቶታል። ቃሉ ግን አላረጀም። ፓርላማው ሕወሓትን በሚያዝያ 2013 አሸባሪ ብሎ ሰየመ፣ በመጋቢት 2015 ደግሞ ስያሜውን አነሳ። በእጅ ማውጣት የሚለጠፍ፣ በእጅ ማውጣት የሚላቀቅ ቃል ነው። ሲለጠፍም ሲላቀቅም የጀበና ቡና ሻጭ ልጅ አትጠየቅም።

ደግሞ የእኛ አገር ሰው ስለሆንን አንድ ነገር እንጨምር። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጉራ ፈርዳ ላይ ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል፤ ብዙዎች ቤታቸውን ጥለው ሸሽተዋል። ከእነሱ መካከል ሚዛን የምናውቃቸው አሉ። ዘመዱን የቀበረ ሰው ፊት ቆመን የማታ ጌማችንን ጉድ በዚያው ቃል ብንጠራው አፋችን ይተሳሰራል። የጓደኛችን ፍርሃት ትንሽ ስለሆነ አይደለም፤ ሁለቱ የተለያዩ ስለሆኑ ነው።

«ታዲያ ቃሉ ፈጽሞ ጌም ውስጥ አይገባም?» ትሉ ይሆናል። ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ ውስጥ ‹ጌመርጌት› በተባለው ዘመቻ ሴት ጌም ሠሪዎችና ተቺዎች ወራት ሙሉ ሲሳደዱ ነበር። በዚያው ዓመት ጥቅምት አኒታ ሳርኪሲያን በዩታ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ንግግር ልታደርግ ስትል፣ ንግግሩ ካልተሰረዘ ጅምላ ጭፍጨፋ እንደሚደረግ የሚዝት መልእክት ደረሰ። የዩታ ሕግ የጦር መሣሪያ ይዞ ግቢ መግባትን ስለሚፈቅድ ፖሊስ መሣሪያ የያዘውን አንከለክልም አለ፤ እሷም ንግግሩን ሰረዘች። ያ ዛቻ አንዲት ሴት ላይ ብቻ አልነበረም። አዳራሽ ሙሉ ሰው እንገድላለን ብሎ ሴቶች ስለ አንድ ጉዳይ በአደባባይ እንዳይናገሩ ማድረግ ነው። ያንን ሽብር የሚል ሰው ቢመጣ አንከራከረውም። የእኛው 1176ም ቢሆን የፖለቲካ፣ የሃይማኖት ወይም የርዕዮተ ዓለም ዓላማ ይኑር፣ የሚሸበረውም ሕዝብ ወይም የሚገደደው መንግሥት ይሁን ይላል። የሚዛኖቹ ልጆች ዓላማ ምን ነበር? በሴት መሸነፋቸው። መቼም በጌም መሸነፍ ርዕዮተ ዓለም አይባልም!

ለቴፒዋ ጓደኛችን ይህን ሁሉ ስንነግራት አላመነችም። «እሺ፣ ሽብር አትበሉት፤ ከባድ ስም ካልሰጣችሁት ግን ማን ይነሳላችኋል?» አለች። ልክ ናት። የፈለገችው ቃሉን አልነበረም፤ የቃሉን ክብደት ነበር።

ክብደቱ ግን በሌላ ስም ተጽፎ ተቀምጧል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958፣ አንቀጽ 13። በጽሑፍ፣ በምስል ወይም በድምፅ ሰውን ወይም ቤተሰቡን በከባድ ጉዳት ማስፈራራት ወንጀል ነው ይላል። መረጃ በተደጋጋሚ እየላኩ ሰውን በፍርሃትና በሥነ ልቦና ጫና ውስጥ መክተትም ወንጀል ነው፤ እስከ አምስት ዓመት ቀላል እስራት፣ ነገሩ ከባድ ከሆነ እስከ አሥር ዓመት ጽኑ እስራት። እናትየዋ፣ ቡናው፣ የሥራ መውጫ ሰዓቱ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ አሉ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግር አዋጅ ቁጥር 1185ም ቢሆን ከብሔርና ከሃይማኖት ጎን ‹ፆታ› የሚል ቃል አለበት። ጋዜጠኝነት ተምረን ይህን አለማወቃችን ያሳፍራል፤ አፍረናል።

አንቀጹን ፎቶ ኮፒ ቤት ሄደን ፕሪንት አስደረግን። መልእክቶቹን ከነቀናቸውና ከነስማቸው ስክሪንሾት አንስተን፣ ያንንም በወረቀት አድርገን ተመለስን። በዚህኛው ቀን ያገኘናቸው በዕድሜ ጠና ያሉ ፖሊስ ነበሩ። ሁለት ጊዜ አነበቡት። መነጽራቸውን አውልቀው «ይሄ እኮ ዛቻ ነው» አሉ፤ ቃሏንም ተቀበሉ። ዛቻ። ስድሳ ዓመት የሞላው ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ ማንም ከፓርላማ የማይጠብቀው ቃል። እስካሁን የተያዘ ሰው የለም። መልእክቶቹ ግን ምርመራው በከተማው ከተወራ በኋላ ቆመዋል።

አንድ ነገር ይቀራል፤ እሱን 958ም 1176ም አይደርሱበትም። ያን ማታ እኛ ሦስታችን ስቀናል። ድምፁን ዘግተን ጨዋታችንን ቀጥለናል። አንዳችን «ተው!» ብንል ኖሮ ሰዎቹ ይተዉ ነበር አንልም። እሷ ግን ብቻዋን እንዳልሆነች ታውቅ ነበር። በኋላ ስንጠይቃት ከስድቡ ይልቅ ያመማት የእኛ ሳቅ እንደነበር ነገረችን።

ጓደኛችን ወደ ጌሙ ገና አልተመለሰችም። እኛ ማታ ማታ ሦስት ሆነን እንገባለን፤ አራተኛውን ቦታ ለማናውቀው ሰው አንከፍትም። ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ሌላ የማናውቃትን ሴት ሲሰድብ ሰማን። ሦስታችንም ማይካችንን ከፈትን።

ቸር ይግጠመን።