ያለ ነዳጅ ወደ ዲመካ

አበው «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ብለዋል። ቃሉ ለጦር ሜዳ የተነገረ ቢሆንም ለሰላሙም ዘመን የሚያገለግል ትምህርት አለበት። የመጓጓዣ ዋጋ የሚለካው በኮርቻው ጌጥ ወይም በልጓሙ ብር ሳይሆን፣ ባለቤቱን ከሚፈለግበት ስፍራ በሚፈለግበት ሰዓት በማድረሱ ነውና። በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዪቱ አውቶሞቢል ለዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ አዲስ አበባ ከገባችበት ጊዜ ጀምሮ አገራችን ብዙ ዐይነት መኪና አይታለች፤ ስለ እያንዳንዱም በየዘመኑ የተጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም «የት ድረስ ታደርሳለች?» የሚል ነው።

እኛ ባልና ሚስት፣ አንዳችን በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሌላችን በትምህርት ቤት ስናገለግል፣ ከሃያ ዓመት በላይ በታክሲና በአውቶቡስ ተመላልሰን ኖረን፣ በመጨረሻው በቁጠባና በብድር አንዲት አዲስ መኪና ገዛን። መኪናዪቱ በዛሬ አጠራር ክሮስኦቨር ከሚባሉት ወገን ናት፤ ይህም ማለት የከተማ አውቶሞቢልን ልስላሴ ከገጠር መኪና ቁመት ጋራ ያዛመደች፣ አምስት ሰው ከነጓዙ የምትይዝ የቤተ ሰብ መኪና ማለት ነው። የምትሄደውም በኤሌክትሪክ ኀይል ብቻ ነው። ስሟንና የተሠራችበትን ፋብሪካ ከመጥራት እንቆጠባለን፤ የምንናገረው ስለ አንድ ነጋዴ ሸቀጥ ሳይሆን፣ በዚህ ዘመን የብዙ ቤተ ሰብ ጉዳይ ስለ ሆነው ነገር ነውና።

እንደሚታወቀው መንግሥት በጥር ወር 2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የምትሄድ ካልሆነች በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳትገባ መወሰኑን አስታወቀ። እንዲህ ያለውን ውሳኔ በመወሰን ኢትዮጵያ ከዓለም አገሮች የመጀመሪያዪቱ መሆኗ በየአገሩ ተወራ። ምክንያቱም ለማስተዋል የሚከብድ አልነበረም። ነዳጁ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ሲሆን፣ የኤሌክትሪኩ ኀይል ግን ከመቶ ዘጠናው እጅና ከዚያም በላይ ከገዛ ወንዞቻችን የሚገኝ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የኅዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም አለው። እንግዲህ ያለንን ትቶ የሌለንን መለመን አስተዋይነት አይደለምና፣ ሐሳቡን ከልብ ተቀበልነው።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በአዲስ አበባ ያየነውን በአጭሩ እንናገር። ከሁሉ አስቀድሞ የገረመን ዝምታዋ ነው። ሞተሯ ተነሥቶ እንደ ሆነ ለማወቅ መስታወቱን መመልከት ያስፈልግ ነበር። ማርሽ መቀያየር የለም፤ እግርን ከነዳጅ መስጫው (ስሙ ከልማድ ብዛት አለቀቀንም) ሲያነሡ መኪናዪቱ ራሷ ትገታለች፤ በምትገታበትም ጊዜ የቁልቁለቱን ጉልበት መልሳ ወደ ባትሪዋ ታስገባለች። ከእንጦጦ ስንወርድ የባትሪው ቍጥር ሲቀነስ ሳይሆን ሲጨመር ባየን ጊዜ እንደ ልጆች ሳቅን። በነዳጅ ማደያ በር የተሰለፈውን የመኪና ብዛት ስናልፍም፣ እንዳንታበይ ራሳችንን ገሠጽን እንጂ ደስታው ቀላል አልነበረም።

ጕድለትም አልታጣባትም። የመስታወቷ ጽሑፍ በቻይና ቋንቋ ስለ ነበር፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነው ታናሹ ልጃችን በስልኩ እያስተረጐመ አንድ ሳምንት አስተማረን። ስኮርታ ጎማ የላትም፤ በፈንታው የተሰጠን የአየር መንፊያና የቀዳዳ መድፈኛ ፈሳሽ ነው። ቁመቷም ከሩቅ ሲያዩዋት የመስክ መኪና ትመስላለች እንጂ፣ ከባዱ ባትሪ ከሆዷ ሥር ስለ ተነጠፈ ድንጋይ የበዛበትን መንገድ ትፈራለች። ይህን ሁሉ ግን ከተማ ውስጥ ስለ ነበርን እንደ ቀላል ቈጠርነው።

እውነተኛው ፈተና የመጣው ታላቂቱ ልጃችን በወለደች ጊዜ ነው። ልጃችን በደቡብ ኦሞ፣ በሐመር ወረዳ ዋና ከተማ በዲመካ መምህርት ናት፤ ባለቤቷም በዚያው የከብት ሕክምና ባለሙያ ነው። አራስ ልጅ እናት ሳትጠይቃት መቅረት በአገራችን ልማድ ነውር ነው። ስለዚህ የገንፎውን እህል፣ ቅቤውን፣ የሕፃኑን ልብስ ጭነን ማክሰኞ ጧት ተነሣን። አውሮፕላን እስከ ጂንካ መኖሩን ሳናውቅ ቀርተን አይደለም፤ ነገር ግን የቤተ ሰብ መኪና ወደ ቤተ ሰብ ካላደረሰች ስሟን ከየት አመጣችው?

ከአዲስ አበባ እስከ ጂንካ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህን ጉዞ የሚረዳ ሰው ጥቂት ሒሳብ ማወቅ አለበት። የመኪናችን ባትሪ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ይይዛል፤ መቶ ኪሎ ሜትር ለመሄድ 16 ያህል ትበላለች። በተራ የግድግዳ ሶኬት ግን በሰዓት የምትጠጣው ከሁለት እምብዛም አይበልጥም። እንግዲህ ባዶ ብትሆን ለመሙላት 30 ሰዓት ትፈልጋለች ማለት ነው። በቡታጅራና በሆሳዕና አድርገን ሶዶ ስንደርስ ባትሪዋ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ፈጥኖ የሚሞላ መሣሪያ ባለማግኘታችን ካረፍንበት ሆቴል ሶኬት ሰክተን ረቡዕን ሙሉ ዋልን። ሐሙስ አርባ ምንጭ፣ ዓርብ በኮንሶ በኩል ጂንካ ገባን። በናፍጣ መኪና በሁለት ቀን የሚፈጸመውን መንገድ በአራት ቀን ጨረስነው።

መዘግየቱ ግን ሳናይ የምናልፈውን ብዙ ነገር አሳየን። በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን የኮንሶን እርከን ቀስ ብለን አየነው። በሶዶም ስንውል አንድ ነገር አሰብን። በኦሞ ወንዝ ላይ የተሠራውና በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 1,870 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጊቤ ሦስት ግድብ ኀይሉን የሚልከው ወደ ሶዶ ነው። ከዚያ አንደኛው መስመር ወደ አዲስ አበባ ይወጣል፤ ሁለተኛውም ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተዘርግቶ ኬንያ ይደርሳል። እንግዲህ በአዲስ አበባ ቤታችን ሌሊት ሌሊት በመኪናችን የምንሞላው ኀይል አንዱ እጅ የኦሞ ውሃ ነበር። እኛ ወደ ኦሞ አገር የምንወርደው፣ ኦሞ ራሱ ተሸክሞን ነው ማለት ነው።

ከኮንሶ ወደ ወይጦ ሸለቆ ሲወረድ ሙቀቱ ይበረታል፤ የአየር ማቀዝቀዣውም ከባትሪው ድርሻውን ይወስዳል። ከወይጦ ተነሥቶ እስከ ቀይ አፈር ያለው ዳገት ደግሞ ቁልቁለቱ የሰጠንን መልሶ ተቀበለን። ከቀይ አፈር ወደ ደቡብ ብንታጠፍ ዲመካ ቅርብ ነበር፤ ይሁን እንጂ ኀይል ለመሙላት ስንል 42 ኪሎ ሜትር ወደ ጂንካ ተሻግረን አደርን። በማግስቱ ቅዳሜ ባትሪው ከመቶ 77 እጅ ሲሆን ዲመካ ገባን።

ቅዳሜ የዲመካ ገበያ ቀን ነው። ሐመሮች፣ በናዎችና በሻዳዎች ከየመንደሩ ማርና ቅቤ፣ ማሽላና ፍየል፣ የቡና ገለባና ቀይ አፈር ይዘው ይመጣሉ። ሴቶቹ ጠጕራቸውን በቀይ አፈርና በቅቤ ለውሰው፣ ዛጎልና ጨሌ የተሰፋበትን ቆዳ ለብሰው፣ ወንዶቹም በርኮታቸውን በእጃቸው ይዘው መንገዱን ሞልተውት ነበር። እዚህ ላይ የመኪናችን ዝምታ፣ በከተማ ያመሰገንነው፣ ሥጋት ሆነብን። የአገሩ ፍየልና የአገሩ ሕፃን የላንድ ክሩዘርን ጩኸት ከሩቅ ለይተው ከመንገድ መውጣት ለምደዋል፤ የእኛይቱን ቀጭን ድምፅ ግን ማንም አልሰማትም። ስለዚህ ከመካከላችን አንዳችን ወርደን ከፊት ከፊቷ እየሄድን፣ እንደ በቅሎ ጐትተን አስገባናት ማለት ይቻላል።

ልጃችንንና የልጅ ልጃችንን አቅፈን ከሳምን በኋላ፣ ከበር ላይ አንድ ሐመር ሽማግሌ መኪናዪቱን ሲዞሩ አየናቸው። አማቻችን እያስተረጐመልን፣ ምን እንደምትበላ ጠየቁን። የኤሌክትሪክ ኀይል መሆኑን፣ ኀይሉም ከኦሞ ውሃ እንደሚገኝ ነገርናቸው። ሽማግሌው በርኮታቸው ላይ ተቀምጠው ጥቂት አሰቡና፣ «ግጦሿ በዚሁ በእኛ በኩል ከሆነ፣ ለመብላት ስለ ምን ጂንካ ድረስ ትሄዳለች?» አሉን። መልስ አልነበረንም። ያረፍንበት ቤት ሽቦ አምፖል ይሸከም ነበር እንጂ መኪና ለመሸከም ዐቅም አልነበረውምና።

ሰኞ የቱርሚ ገበያ ስለ ነበር 28 ኪሎ ሜትር ሄደን ተመለስን። ማታ ሕፃኑን ትኵሳት ያዘው። ዕድሜው ገና ሦስት ሳምንት ነበር። የጤና ባለሙያዋ አይታው፣ ሳይነጋ ጂንካ ሆስፒታል እንድናደርሰው አዘዘችን። በባትሪው የቀረው ከመቶ 40 እጅ ነበር። ከዲመካ እስከ ቀይ አፈር ደግሞ ዳገት ነው።

ያን ሌሊት ማቀዝቀዣውን አጥፍተን፣ መስኮቱን ጥቂት ከፍተን፣ ፍጥነቷን ዝቅ አድርገን ወጣን። እናቲቱ ሕፃኑን በደረቷ ይዛ ከኋላ ተቀምጣለች፤ አያቲቱ ግንባሩን በእርጥብ ጨርቅ ታብሳለች። የምንመለከተው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ የሕፃኑን ትንፋሽና የባትሪውን ቍጥር። ቀይ አፈር ስንደርስ 22 ቀረ። ከዚያ ግን መንገዱ ወደ ጂንካ ዝቅ እያለ ስለሚሄድ ቍጥሩ መቀነሱን አዘገየ፤ በየቁልቁለቱም አንዳንዴ አንድ ይጨምር ነበር። በከተማ ያሣቀን ያ ነገር በዚያ ሌሊት አስለቀሰን። ከሆስፒታሉ በር ስንቆም 13 ቀርቶ ነበር። መኪናዪቱ አንድም ጊዜ ሳትጮህ ስለ ደረሰች፣ ሕፃኑ ከቀይ አፈር ጀምሮ ተኝቶ ነበር። ሐኪሞቹ ተቀብለው አከሙት፤ በሦስተኛው ቀን ትኵሳቱ ለቆት ወደ ዲመካ ተመለሰ፤ አያቲቱም እስኪጠና ድረስ ከእርሱ ጋራ ቀረች።

እንግዲህ ስለ አዲሲቱ መኪናችን የደረስንበት ፍርድ ይህ ነው። መሣሪያዪቱ የተባለውን አድርጋለች፤ ለተጫነባት ሸክምም ሆነ ለዳገቱ አልሰነፈችም። የጐደለው ከእርሷ ውጭ ነው። ናፍጣ በጀሪካን ተጭኖ እስከ መጨረሻው መንደር ይሄዳል፤ ኤሌክትሪክ ግን ሽቦ፣ ትራንስፎርመርና ደኅና ሶኬት ካልቀደመው የትም አይደርስም። መኪናን በሕግ መለወጥ በአንድ ቀን ይቻላል፤ መንገድን ለመኪናው ማዘጋጀት ግን የብዙ ዓመት ሥራ ነው። ሁለቱ እኩል ካልተራመዱ አዲሲቱ መኪና የዋና ከተማ ጌጥ ሆና ትቀራለች፤ በሩቅ ያለውም ሰው አሮጌውን መኪና እየጠገነ፣ በውድ ነዳጅ፣ ብቻውን ይቀራል። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የሚለው ተረት እውነት መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን መንግሥት ሩቁን ዘመድ ቅርብ ለማድረግ ነው መንገድና መብራት የሚሠራው።

የደቡብ ኦሞ ጉዳይ ደግሞ ከሌላው ይለያል። ጊቤ ሦስት ከተገደበ ወዲህ የኦሞ ጠባይ እንደ ቀድሞው አይደለም። በታችኛው ወንዝ ዳር ያሉት እንደ ዳሰነች፣ ካሮና ሙርሲ ያሉ ሕዝቦች ጎርፉ ሞልቶ ሲሸሽ በተወው እርጥብ አፈር ላይ ማሽላ ይዘሩ ነበር፤ ያ የዘመናት ልማዳቸው ተነክቷል። ለአገር ጥቅም የወንዙን ጎርፍ የሰጠ ሕዝብ፣ ከወንዙ የወጣውን ብርሃን ከማንም በኋላ መቀበል የለበትም። ይህን የምንለው ለመውቀስ ሳይሆን፣ ሥራው ያልተፈጸመ መሆኑን ለማስታወስ ነው።

ሐመሮች አንድ ጥበብ አላቸው። ባለ ከብት ሰው መንጋውን ሁሉ በአንድ በረት አያኖርም፤ በየአገሩ ካሉ ወዳጆቹ ዘንድ አከፋፍሎ ያስቀምጣል። በአንዱ ስፍራ ድርቅ ወይም በሽታ ቢመጣ በሌላው ያለው ይተርፋልና። የኤሌክትሪክ መሙያውም እንዲሁ ቢሆን እንወዳለን። መቶውን መሙያ በአዲስ አበባ አደባባይ ከመደርደር ጥቂቱን ለሶዶ፣ ለኮንሶ፣ ለቀይ አፈርና ለዲመካ ማካፈል፣ ከጤና ጣቢያው ወይም ከትምህርት ቤቱ አጥር አጠገብ አንድ አንድ መትከል፣ ከሐመር ሽማግሌ የምንማረው ዕቅድ ነው። ዕቅዱን የሚያወጣው ባለሥልጣን ይህን ያስብበት፤ መምህሩ ለተማሪዎቹ የኪሎ ዋትን ሒሳብ በሰሌዳ ሲጽፍ መንገዱን ከዲመካ ጂንካ ያድርገው፤ ተማሪውም ሽቦውን የሚዘረጋና መሣሪያውን የሚጠግን መካኒክ ሆኖ ወደዚያ ለመውረድ ይዘጋጅ። እኛ መኪናችንን አልሸጥናትም፤ ብድሯንም እየከፈልን ነው፤ ሕፃኑ ክርስትና ሲነሣ ደግሞ ወደ ዲመካ እንወርዳለን።