የታጠበ ቡና

ቦንጋ የገባሁት በኅዳር፣ ቡና በሚለቀምበት ሰሞን ነበር። ያሳደሩኝ እናት በረካውን ቀድተውልኝ ሲያበቁ፣ «ልጄ፣ ወንዛችንን ሳታይ እንዳትሄድ» አሉኝ።

ሽታው ቀድሞ ተቀበለን፤ ያደረ አተላ ይመስላል። ከወንዙ በላይ የእሸት ቡና መፈልፈያ አለ። ቀዩ እሸት ይፈለፈላል፤ ፍሬው ገንዳ ውስጥ አድሮ ዝልግልጉ ሲለቅ ይታጠባል። እኔም አዲስ አበባ ቡና ስገዛ «የታጠበ ነው?» ብዬ የምጠይቅ ሰው ነኝ፤ እጣቢው የት እንደሚደፋ ግን ጠይቄ አላውቅም። ስኳር የበዛበት እጣቢ ወንዝ ሲገባ ይኮመጥጣል፤ ተሕዋስያን ሲበሉት የውኃውን ኦክስጅን ይጨርሱታል፤ ዓሣው ይታፈናል፤ ገለፈቱም ከሥር ይተኛል። በእንጨት ብቆሰቁሰው ጥቁር ጭቃ አረፋ እየተፋ ተነሣ።

«ይህን ዝቆ ማውጣት አይቻልም?»

«ከላይ እየወረደ?» ብለው ሳቁብኝ።

እውነታቸውን ነው። እጣቢው በመጀመሪያ ጉድጓድ ውስጥ ታቁሮ፣ በቬቲቨር ሣር መካከል አልፎ መጣራት አለበት፤ ዘዴው የታወቀ ነው። የካፋን ደን ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ብሎ መዝግቦታል፤ ደስም ብሎናል። የአካባቢው ወንዞች ግን ያንን ጭቃ ተሸክመው ወደ ጎጀብ ይወርዳሉ።

እኚያ እናት በለቀማ ወራት ውኃ የሚቀዱት ዳገቱን ወጥተው ከምንጭ ነው። ሦስት ስኒ የጠጣሁትም ከዚያው ውኃ ነበር።