ከሃርቪ ቤይ ለእታለም

ሃርቪ ቤይ፣ ኩዊንስላንድ
ነሐሴ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣ የእማማ ጉልበት እንዴት ሆነላት? መድኃኒቷን በሰዓቱ ትውጣለች?

ቤቱ ያማረ ነው። ሁለት መኝታ ቤት፣ ፊት ለፊቱ በረንዳ፣ በእግር አሥር ደቂቃ ሄጄ ባሕር። በመንደሩ የሞቀ መዋኛ አለ፣ ሲኒማ ቤት አለ፣ የስፖርት ክፍል አለ። ግድግዳው የኔ ነው፣ መሬቱ ግን የመንደሩ ባለቤቶች፤ እንደኛ አገር ሊዝ በይው። ለመሬቱ ብቻ በየሳምንቱ 210 ዶላር እከፍላለሁ። ማኪያቶ አንዷ ስኒ 5 ዶላር ተኩል! ጤፍ ከሜልበርን፣ ከፉትስክሬይ ነው በፖስታ የሚመጣልኝ፤ የማጓጓዣው ዋጋ ከዱቄቱ አይተናነስም። ቢሆንም እንጀራዬ ዓይኑ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ብታዪው ትኮሪብኝ ነበር።

ፍልሰታን ያለ ቅዳሴ ጾምኩት። ብሪዝበን በመኪና ሦስት ሰዓት ተኩል ይርቃል። እናንተስ ቆረባችሁ? ዝናቡ በረታ ይላሉ፤ የጓዳው ጣሪያ አሁንም ያፈሳል?

ባለፈው ሳምንት መዋኛው ዳር ቁጭ ብዬ ሳለሁ አንዲት ሴትዮ መጥታ «ፎጣ አልቋል፣ አምጪልን» አለችኝ። መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ ተነስቼ ቆምኩና «እኔ የ41 ቁጥር ባለቤት ነኝ፤ ፎጣሽን ራስሽ ፈልጊ» አልኳት። ይቅርታ እንኳ ሳትል ሄደች። መልሴ አልቆጨኝም። ቤት ገብቼ ቡና ቆላሁ፤ አቦሉንም፣ ቶናውንም፣ በረካውንም ብቻዬን ጠጣሁት። እታለም፣ እዚህ መንደር ከሃምሳ ዓመት በታች የሆነ ሰው መኖር አይችልም። ከመጣሁ ጀምሮ ልጅ ሲያለቅስ አልሰማሁም። ማታ ማታ የሚያስጨንቀኝ እሱ ነው።

ትናንት ግን በጀልባ ወጥቼ ዓሣ ነባሪ አየሁ። ከደቡብ ዋልታ አካባቢ ባሕር ድረስ የሚጓዙ ናቸው፤ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ግልገሎቻቸውን ይዘው እዚህ ያርፋሉ። አንዲት ትልቅ የአሸዋ ደሴት ከውቅያኖሱ ማዕበል ትከልላቸዋለች፤ ስሟ ሲጠራ ልክ እንደኛ ጋሪ ነው። እናቲቱ ውኃው ላይ ዝም ብላ ተንሳፍፋለች፣ ግልገሉ ከጎኗ አይለይም። ስትተነፍስ ጭጋጉ ፊቴን አረጠበው፤ ይሸታል፣ ግን አልጠረግሁትም። ያን ጊዜ እማማ አጠገቤ ብትሆን ብዬ ተመኘሁ። አመሻሽ ላይ ድሮ ስኳር ወደ መርከብ ይጫንበት በነበረው የእንጨት ድልድይ ሄድኩ፤ 868 ሜትር ወደ ባሕሩ ይገባል። ጫፉ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ።

ልጁ የፈተና ውጤቱ መጣለት? ለምን አትነግሩኝም? በርበሬውን አደራ፣ አብሽ አታብዢበት።

እሑድ በናንተ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ እደውላለሁ፤ እዚህ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። እማማን ስልኩ አጠገብ አስቀምጪልኝ።

እህትሽ