«እማዬ፣ ሰው ፊት በአማርኛ አውሪ!»

ሰሞኑን አንዲት ጎረቤቴ ያጫወተችኝ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። የእንጅባራ ሰው ናት፤ ባሕር ዳር ከገባች ጥቂት ዓመቷ ነው። ልጇን ልታመጣ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆማ በአገውኛ ስትጠራት፣ ልጅት እንዳልሰማች ሆና ከጓደኞቿ ጋር እልም! ቤት ሲገቡ ምን አለቻት መሰላችሁ? «እማዬ፣ ሰው ፊት በአማርኛ አውሪ። ገጠሬ ይሉኛል!»

ጉድ በሉ! ይህችው ልጅ ጣና ዳር ፈረንጅ ስታይ በእንግሊዝኛ ለመለፍለፍ ማንንም አታፍርም። አይፈረድባትም። እንግሊዝኛን ከላይ፣ አማርኛን ከመሐል፣ አገውኛን ከታች የደረደርንላት እኛ ነን። ፈረንጅ አማርኛ ሲሰባብር «አይ ሲጣፍጥ!» እንላለን፤ የአገው እናት የሚላላውን ስታጠብቅ ግን አፋችንን ሸፍነን እንስቃለን። (በ2016 ዓ.ም የተመረቀውን የዓባይ ድልድይ የሠሩትን ቻይናዎችስ «ቻይና! ቻይና!» ከማለት በቀር ስንቶቻችን ስማቸውን ጠየቅን?)

ሕጉ እንኳ እንዲህ አይልም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 5 ለአገሪቱ ቋንቋዎች ሁሉ እኩል እውቅና ሰጥቷል። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህም በክልላችን የአዊ ልጆች በአገውኛ፣ የዋግ ኽምራዎቹ በኽምጣኛ፣ የከሚሴዎቹ በኦሮምኛ አንደኛ ደረጃን ለመማር በቅተዋል። ምን ዋጋ አለው፣ ልጅቷ ባሕር ዳር ስትመጣ መጽሐፉ እንጅባራ ቀረ!

ቋንቋ በእፍረት እንዴት እንደሚያልቅ ማየት የፈለገ ሩቅ አይሂድ። እዚሁ ሐይቁ ዳር ደንገል አስረው ታንኳ የሚሠሩት ነገደ ወይጦዎች አሉ፤ «ጉማሬ በሊታ» እየተባሉ ስንት ዘመን ከማዕድ ተገለሉ! ጀምስ ብሩስ እንደ ፈረንጆቹ በ1770 ገደማ በዚህ ሲያልፍ የራሳቸው ቋንቋ እንደነበራቸው ጽፏል። ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል በ1928 ሲመጣ ግን ሁሉም አማርኛ ተናጋሪ ሆነው አገኛቸው። አንዱ በድሮው ቋንቋ ዘፈነለት፤ ትርጉሙን ዘፋኙ ራሱ አያውቀውም ነበር! ከጥቂት የጉማሬ ብልት ስሞች በቀር ማለቴ ነው።

ለጎረቤቴ ያልኳት ይህን ነው። ቤት ውስጥ አገውኛሽን እንዳታቋርጪ። ግን ስትቆጫት ብቻ አይሁን፤ ስታቆላምጫት፣ ተረት ስትነግሪያትም ይሁን። የክፍል መምህሯንም ሄደሽ አነጋግሪ፤ ስድቡን አስቁሞ፣ አንድ ቀን ልጅቷ ለክፍሉ በአገውኛ ሰላምታ ታስተምር።

እሷማ የድርሻዋን ታድርግ። እናንተ ወላጆች ደግሞ ዛሬ ማታ ራት ላይ ልጆቻችሁን ጠይቁልኝ፤ ክፍላቸው ውስጥ «ገጠሬ» የሚባለው ማን ነው? ቃሉንስ ከማን ሰሙት?