ጎንደር በሐይቁ ላይ

ደሴት ላይ ማረፍ ያማረው ሰው ዛሬ የሚያስበው ዛንዚባርን ወይም ሲሸልስን ነው። እኔና ባለቤቴም ከጥምቀት ማግስት ላለው ዕረፍታችን ስንመክር መጀመሪያ የተነሡት ስሞች እነዚሁ ነበሩ። ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ስናይ ግን ዓይናችን ከአዘዞ በስተደቡብ ከተንጣለለው ውሃ አልነቀል አለ። ጣና 37 ደሴቶች እንዳሉት ይነገራል፤ ማንጎና ቡና ይበቅልባቸዋል፣ ፔሊካን ያንዣብብባቸዋል። የሰሜኑ ወደብ ጎርጎራ ደግሞ ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚርቀው። በፋሲል ግንብ ጥላ ሥር ለሚኖር ሰው፣ ፋሲል ራሱ ያረፈበት ደሴት ይህን ያህል ቀርቦ ሳለ ሌላ ባሕር ማማተር ምን ይሉታል? ዛንዚባር ትቆየን ተባባልን።

ዕቅዱን ያወጣነው ከሐይቁ ጠባይ ተነሥተን ነው። ጣና ጠዋት ረግቶ ይውልና ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሣበታል። ስለዚህ ጀልባ የሚነሣው ጎህ ሲቀድ ነው፤ ለዚህም ጎርጎራ ማደር የግድ ነው። ሌላው የደሴቶቹ ገዳማት ሥርዓት ነው። ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባባቸውም፤ ናርጋ ሥላሴ ግን ወንዱም ሴቱም ይሳለማል። ባልና ሚስት አብረው የሚጓዙ ከሆነ ይህን ከቤት ሳይወጡ ተነጋግረው መጨረስ አለባቸው። እኛ ናርጋን የጉዞው እምብርት አደረግን፤ ዳጋ ለእኔ ብቻ ተተወ። ነጠላ፣ ቶሎ የሚወልቅ ጫማ፣ ዝርዝር ብር ያዝን። የመንገዱን ሰላም ደግሞ ጎርጎራ አካባቢ ያሉ ዘመዶቻችንን ደውለን ጠየቅን፤ ይህን ሳያረጋግጥ ማንም ባይነሣ ይሻላል።

አዘዞን ስናልፍ የአፄ ሱስንዮስ ነገር ተነሣ። ንጉሡ የተቀበሩት እዚሁ ገነተ ኢየሱስ ነው፤ ከከተሞቻቸው አንዱን ግን ሐይቁ ዳር ጎርጎራ ላይ ነበር የቆረቆሩት። ልጃቸው ፋሲል በ1632 እ.ኤ.አ. ዙፋኑን ተረክቦ በ1636 ጎንደር ላይ ከተመ። ቤተ መንግሥቱ ወደ ደጋው ቢወጣም ነገሥታቱ ዓይናቸውን ከሐይቁ አላነሡም። ይህ ነገር ጉዞው በገፋ ቁጥር እየጎላ ሄደብኝ።

ከቆላ ድባ እስከ ጯሂት ያለው የደምቢያ ሜዳ በጥር የሽምብራ አገር ነው። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ጥቁሩ ዋልካ አፈር በያዘው እርጥበት ብቻ ሽምብራውን ያሳድገዋል። ልጆች እሸቱን ከነግንዱ እያሰሩ መንገድ ዳር ይሸጣሉ። ቅርፊቱን ሲፈለቅቁት ጣት ላይ የሚቀረው ነገር ኮምጠጥ ይላል፤ ባለቤቴ እሱን እየላሰች እሸቱን ጨረሰችው።

ጎርጎራ ላይ ደብረ ሲና ማርያምን ሳይሳለሙ ማለፍ አይገባም። የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል ተሸፍኗል፤ ቀለሙ ዛሬም ያበራል። የሱስንዮስ ቤተ መንግሥት ፍራሽ የቆመበት የማርያም ግምብ ደግሞ ከዚያ ራቅ ብሎ ይገኛል። ንጉሡን ወደ ካቶሊክ እምነት ያቀረበው ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ በ1622 እ.ኤ.አ. የሞተው በዚሁ በጎርጎራ ነው።

የሐይቁን ዳርቻ ሕይወት ያየሁት ታንኳ ሲሠራ ቆሜ ነው። ሰውየው የደረቀ ደንገል በእቅፍ በእቅፍ እያነሣ ይደረድራል፣ በጉልበቱ ተጭኖ ያጠብቃል፣ በልጥ ገመድ ያስራል፤ ጫፉን ደግሞ ወደ ላይ ቀልብሶ ያሾለዋል። ደንገሉ ውሎ አድሮ ውሃ ስለሚጠጣ ታንኳ ዕድሜው አጭር ነው፤ ከሐይቁ በወጣ ቁጥር ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ሲያረጅም አዲስ ይሠራል። በዚህ ሥራ ከጥንት ጀምሮ የሚታወቁት የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው።

ጀልባ ነጂው ሲያስጠነቅቀኝ፣ «ጋሼ፣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ካልተነሣን ደቅ ደሴት ሳንደርስ ሐይቁ ይቆጣል» አለኝ። ቃሉን አከበርን። ሞተሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የጎርጎራ ዳርቻ ከኋላችን እየራቀ፣ ፀሐይ ከደብረ ታቦር አቅጣጫ ስትወጣ በሕይወቴ ካየኋቸው ጠዋቶች ሁሉ ይህ በለጠብኝ።

ናርጋ ሥላሴ ከደቅ ደሴት በስተምዕራብ ያለች ትንሽ ደሴት ላይ ናት። ያሠሯት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው፤ እኒያው ጎንደር ደብረ ፀሐይ ላይ ቁስቋምን ያሠሩት። የድንጋዩን አጥርና የበሩን ግንብ እንዳየሁ ቆምኩ፤ ይህን እጅ አውቀዋለሁ! በየቀኑ የማየው የጎንደር ግንበኛ እጅ ነው። በመቅደሱ በሮች ላይ ሰይፍ የመዘዙ ሊቃነ መላእክት በሰው ቁመት ቆመዋል። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ በተሣለችበት ሥዕል ግርጌ ደግሞ እቴጌይቱ ራሳቸው ያጌጠ ልብሳቸውን እንደለበሱ በግንባራቸው ተደፍተዋል። በ1730 እ.ኤ.አ. ዘውድ የጫነች፣ ለልጅና ለልጅ ልጅ መንግሥት የጠበቀች ሴት እዚህ እንደ ማንኛዋም ምእመን ከእግር ሥር ናት። ባለቤቴ ከሥዕሉ ፊት ብዙ ቆየች፤ አልጠራኋትም።

የዚያን ሌሊት ደቅ ላይ በአንድ ገበሬ ቤት አደርን። የቤቱ እመቤት ከጓሯቸው የለቀሙትን ቡና አፍልተው፣ የተጠበሰ ዓሣ በአዋዜ አቅርበው፣ «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ!» እያሉ ሲያጎርሱን አመሹ። ሲሸልስ ላይ ይህን የሚያደርግልን ሆቴል እንደማይኖር እርግጠኛ ነኝ።

በማግስቱ ባለቤቴን ደቅ ላይ ትቼ ዳጋ ወጣሁ። ደሴቱ ጥቅጥቅ ባለ ደን የተሸፈነ ቀጥ ያለ ኮረብታ ነው። ከላይ ዕቃ ቤቱ ውስጥ፣ ከመስተዋት ሥር፣ የነገሥታት አፅም አርፏል፤ የይኩኖ አምላክ፣ የዳዊት፣ የዘርአ ያዕቆብ፣ የዘድንግል፣ የፋሲልም። ጎንደር ስሙን ለጥምቀተ ባሕሩም፣ ለግንቡም፣ ለእግር ኳስ ቡድኑም የሰጠው ንጉሥ እዚህ ዝም ብሏል። መነኩሴውን፣ «አባ፣ ለምን ጎንደር አልተቀበሩም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «እዚያማ ጦር ይመጣል፤ እዚህ ጸሎት አለ» አሉኝ። በግራኝ ጦርነት ዘመንም ንዋየ ቅድሳቱና ብራናው የሸሸው ወደነዚህ ደሴቶች ነበር።

በመመለሻችን ሰሜናዊው ዳርቻ ላይ እምቦጭ የተባለውን አረም አየነው። ወይን ጠጅ አበባው ከሩቅ ያምራል፤ ሥር ሰድዶ ግን ዓሣውን ያፍናል፣ የታንኳውን መንገድ ይዘጋል። የደምቢያ ገበሬ ለዓመታት ደረቱ ድረስ ውሃ ገብቶ በእጁ ነቅሎታል። ጣና በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ተብሎ ተመዝግቧል፤ ምዝገባው ካለው ክብር ጋር የሚመጣጠን እንክብካቤ ግን ሐይቁ ገና ይገባዋል፤ ይህን ሳስብ ያንገበግበኛል።

ቤት ገብተን ሻንጣ ሳንፈታ ቀጣዩን ጉዞ ማቀድ ጀመርን። በሚቀጥለው በእንፍራዝ በኩል እንወርዳለን። የአፄ ሠርፀ ድንግል የሚባለውን የጉዛራን ግንብ እናያለን፤ ጎንደር ከመቆርቆሯ በፊት የተሠራ ነው። ከዚያ ወደ ምጽራሃ ደሴት፣ ቀጥሎም ወደ ደቡብ ዞረን ሠርፀ ድንግል ወደተቀበሩባት ሬማ መድኃኔዓለም። ባለቤቴ ለሴት የተፈቀዱትን ደሴቶች በዝርዝር እየጠየቀች ነው፤ እኔ የጀልባውን ዋጋ እያጣራሁ ነው።